የሐጂ ኑሩ ገበጣ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጣውላ የምልግ መስሎኝ ነበር። ሰቆጣ ከገበያው በታች ባለው እንጨት ቤት በረዳትነት ስቀጠር ዋናው አናጢ አያ ካሣዬ አንድ ጣሳ የጎበጠ ሚስማር እግሬ ሥር ደፉልኝና «አቃና» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ሚስማር ሳቃና ዋልኩ። አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ ቀጠቀጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ከፃግብጂ የመጣች ሴት ጠርዙ የተገመሰ ገበጣ ይዛ ገባች። አያ ካሣዬ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«እኛ አልጋና በር ነው የምንሠራ እቴ። የልጅ መጫወቻ አንጠግንም።»

«የልጅ አደለም፤ ከባሌ ጋር ነው እምጫወትበት» አለች ተናዳ። ልትወጣ ስትል ተቀበልኳት። አያ ካሣዬ ገላመጡኝና «በሥራ ሰዓት እንዳትነካው» አሉ። ቤቴ ወስጄ ሠራሁት።

ከዚያ ወዲህ አመሉ አልለቀቀኝም። ረዳትነቱ አልፎ ዋና አናጢ ከሆንኩም በኋላ፣ አሮጌ ገበጣ አለ ሲሉኝ ጋዝጊብላም ይሁን አምደወርቅ በገበያ ቀን እሄዳለሁ። አንዱን ዶሮ ውኃ ሲጠጣበት አገኘሁት። ሌላው በር ማቆሚያ ሆኖ ነበር። አጥቤ፣ ስንጥቁን አጣብቄ፣ ዘይት አጠጥቼ ግድግዳ ላይ እሰቅላቸዋለሁ። እሑድ ከምሳ በኋላ ከባለቤቴ ከታደሉና ከልጆቼ ጋር እያወረድን እንጫወትባቸዋለን። ታደሉ ካሸነፈች አፏ እስከ ማግስቱ አያርፍም። እኔ ደግሞ ስሸነፍ እናደዳለሁ፤ መደበቅም አልችልበት። ግድግዳው ሲሞላ ሰፈሩ «ገበጣ ለቃሚው» ብሎ ስም አወጣልኝ።

ሐጂ ኑሩን ሰቆጣ ውስጥ የማያውቃቸው የለም፤ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ሱቁን የያዘችው ልጃቸው ዘሃራ ናት። እሳቸው በየቀኑ ከእሷ ጋር ገበጣ ይጫወታሉ፤ ጉድጓዱንም ጠጠሩንም በእጃቸው እየዳሰሱ። አንድ ቀን ዘሃራ ገበጣቸውን በነጠላ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ዋንዛ ነው፤ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል።

«አያ ብርሃኑ፣ ስንጥቁን ድፈንልኝና ለኢድ ይድረስ። ዘመድ ሁሉ ይመጣል። አባቴ ያለዚህ ገበጣ ሰው መሐል ዝም ብለው ነው እሚቀመጡት።»

ስንጥቁን በቢላዋ ጠርጌ ኮላ አፈሰስኩበትና ሁለት ቀን ሞርሳ ላይ አሰርኩት። ስፈታው መገጣጠሚያው አይታይም። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ጉድጓዶቹ አንዱ ጥልቅ፣ አንዱ ጠፍጣፋ ሆነው አስጠሉኝ። የዳሩ ጉድጓድ ከንፈርም ተሸርፏል። ሽራፊውን በመጋዝ ብናኝና በኮላ ደፈንኩት። አሥራ ሁለቱንም ጉድጓድ በመሮ አስተካከልኩና በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ዘይት ሲጠጣ አበራ። በሥራዬ ኮራሁ።

የኢድ ዕለት ራሴ ወሰድኩት። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ሐጂ ነጭ ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ገበጣውን ፊታቸው አኖርኩ። እጃቸው በጠርዙ ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። 

«ይሄ የማን ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነው ሐጂ።»

«የኔ አደለም። የኔን አውቀዋለሁ።»

በር አጠገብ የተቀመጠ አንድ ዘመዳቸው «ግድግዳው ላይ ስንት ሰቅሏል አሉ? አሮጌውን አስቀርቶ ይሆናል» አለ።

ደሜ ፈላ። ግን ምን ብዬ ልከራከር? ምልክቱን ሁሉ በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ። ዘሃራን አየኋት። ገበጣውን አገላብጣ አየችና «መልኩ እሱን ይመስላል... እኔንጃ» አለች። ከሰውየው ስድብ የእሷ ጥርጣሬ ባሰብኝ። በዚህች ከተማ ስሙ በሌብነት የተነሳ አናጢ ደጃፉን የሚረግጥለት የለም።

«ምልክቱ ምንድነው ሐጂ?» አልኩ።

«ዳሩ ላይ አውራ ጣቴ እሚገባበት ሽራፊ አለ። ከሱ ተነስቼ ነው እምቆጥረው።»

ክው አልኩ። «እሱን ደፍኜዋለሁ። መሮዬን ላምጣና ላሳይዎት።»

«ከዚህ አትወጣም!» አለ ሰውየው። «ወጥተህ ሌላ ልታመጣ?»

ዘሃራ ከማድቤት ቢላዋ አመጣችልኝ። የሽንኩርት ቢላዋ። ቢላዋው ስቶ ደህናውን እንጨት ቢገምስ፣ ሽራፊውን አሁን ራሱ ቦረቦረው መባሌ ነው። ገበጣውን ጭኔ ላይ አድርጌ በጫፉ ፋቅ ፋቅ አደረግኩ። ኮላው ድንጋይ ሆኗል። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ መጥረግም ፈራሁ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ እጄን ያያል። ድፍኑ እንደ ፍርፋሪ መርገፍ ጀመረ። ከሥሩ በዘመናት የጣት ንክኪ የጠቆረው አሮጌ እንጨት ወጣ፤ በቢላዋ የማይሠራ ልስላሴ አለው።

ሐጂ አውራ ጣታቸውን ሰደዱ። ገባ።

«የኔ ነው» አሉ።

ሰውየው ተነስቶ «አፉ በለኝ ወንድሜ» አለኝ። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ መሰለኝ። የሐጂ ጣት ግን አልቆመም፤ ወደ ቀጣዮቹ ጉድጓዶች እያንዳንዱን እየዳሰሰ አለፈ።

«ሌባ አደለህም» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ጉድጓዱን ሁሉ አንድ አድርገህ ስንት ዘመን የለመድኩትን አፈረስክብኝ።»

  ዘሃራ ጠጠሩን ደርድራ ጨዋታ ጀመሩ። ሐጂ ከሽራፊው ተነስተው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ሄዱና አራተኛው ላይ እጃቸው ቆመ።

«ዘሃራ፣ ይሄ ስንተኛው ነው?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። አባቷ እንዲህ ብለው ጠይቀዋት አያውቁም ነበር።

ሽራፊውን መለስኩላቸው። በመሮ የፋቅኩትን ግን የሚመልስ መሣሪያ የለኝም። አሮጌ ዕቃ የምትጠግኑ ልጆች፣ መሮ ከማንሳታችሁ በፊት የሚጠቀምበትን ሰው ጠይቁ። እኔ የታዘዝኩት ስንጥቁን እንድደፍን ብቻ ነበር።