መሰላሉን ማን ይውጣበት?

አያቴን ሳስብ ቀድሞ የሚታየኝ ትከሻቸው ላይ ያለው መሰላል ነው።

ሆሳዕና ውስጥ ለኪራይ ያሠሯቸው ስድስት ቤቶች ነበሯቸው። መንግሥት ትርፍ ቤት ሲወርስ ስድስቱም ለቀበሌ ሆኑ፤ ኪራዩም እዚያው ይከፈል ጀመር። አያቴ ግን ቤቶቹን መጠበቅ አልተዉም። ግንቦት ሲገባ ከጣሪያ ጣሪያ እየዞሩ የተበሳውን ቆርቆሮ በሬንጅ ይደፍናሉ።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ ነበር።

«አባባ፣ ይውረዱ እንጂ! ቤቱ እኮ የመንግሥት ነው!» አለ ወደ ላይ አንጋጦ።

አያቴ ሬንጃቸውን ሳያስቀምጡ፣ «ቤቱማ የመንግሥት ነው፤ ዝናቡ ግን የሚወርደው መምህሩ አልጋ ላይ ነው» አሉት። መምህሩ ከዱራሜ መጥተው የተከራዩ ጎረቤታችን ናቸው።

ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲያው ሲጨርሱ ወደ ቢሮአችንም ብቅ ይበሉ። መዝገባችን እየራሰ ተቸግረናል።»

ከዚያ ወዲህ የቀበሌውም ጣሪያ የእሳቸው ሆነ።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። በማግስቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ዝናብ ጣለ፤ ድንኳኑም ያፈስ ጀመር። መምህሩ አንገታቸው ላይ ጠብ ሲልባቸው ከአግዳሚው ብድግ ብለው፣ «ኧረ አባባን ጥሩልን!» አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት ሴት አያቴ ናቸው፤ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩም እንባውን እየጠረገ ወጣና መሰላሉን ይዞ ተመለሰ።

ማን እንደሚወጣበት ግን አላወቀም። እኛም አላወቅንም።