ገዲሴ ያደነዘዘችው ጣት

የገዲሴ ቶሌራን ነጭ ጋዋን ማን ሰፋው ብትሉ እኔ ነኝ። ዑስማን እባላለሁ፣ ላፍቶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ገዲሴ የሰፈራችን ክሊኒክ ጤና መኮንን ናት። አባቷ ቶሌራ አሁን ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ስንዴ ያርሱ ነበር። በልጅነቷ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟንም የሰፋሁት እኔው ነኝ። ስለካት "ለምን? እንዴት?" እያለች ራሴን ታዞረው ነበር።

ባለፈው ክረምት የቀኝ እጄ ሌባ ጣት አበጠ። እኛ ሰፊዎች የማይለቀን ጅልነት አለን፤ ጣታችን መግል ሲይዝ መርፌያችንን በክብሪት ለብለብ አድርገን ራሳችን እንወጋዋለን። ወጋሁት። በሦስተኛው ቀን ቲማቲም አከለ። እኔ ጥጥን ከፖሊስተር የምለየው በዓይኔ ሳይሆን በዚያ ጣት ነው። እሱ ከሄደ እንጀራዬም ሄደ።

ክሊኒኩ ስሄድ ገዲሴ አየችውና "ዛሬውኑ መከፈት አለበት፤ ካልሆነ ጣቱን ያጡታል" አለችኝ።

"አላስከፍትም! ማደንዘዣ እኔን አይይዘኝም። ጥርሴ ሲነቀል ተወግቼም ሕመሙ አንድም ሳይቀር ተሰምቶኛል። ደሜ ሙቅ ነው።"

"ያኔ ድድዎ አብጦ ነበር?"

"ጉንጬ ራሱ ዱባ አክሎ ነበር።"

ሳቀች። "ጋሽ ዑስማን፣ ደምዎ ምንም አላጠፋም። መግል የያዘ ሥጋ አሲድ ይበዛበታል፣ መድኃኒቱ እዚያ ጉልበት ያጣል። እኔ እብጠቱን አልወጋም። የጣትዎ ነርቮች በግራና በቀኝ ነው የሚያልፉት፤ ጣትዎ ግርጌ፣ ጤነኛው ሥጋ ጋ እይዛቸዋለሁ። ነርቩ ላይ ጨው የሚገባባቸው ትንንሽ በሮች አሉ። የሕመም ወሬ ወደ አንጎል የሚሄደው እነሱ ሲከፈቱ ነው። መድኃኒቱ በሮቹን ይዘጋል። ቁስሉ እዚያው ነው፣ ወሬው ግን አይደርስዎትም።"

እሺ ብዬ እጄን ዘረጋሁላት። ግራና ቀኝ ወጋችኝ፤ አቃጠለኝ። ከዚያ መድኃኒቱ እስኪይዝ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ውጭ ወረፋ የያዘው ሁሉ ሲያጉረመርም እሷ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ምላጩ ሲያርፍብኝ "ይሰማኛል!" ብዬ ጮህኩ።

"መጫኑ ነው ወይስ ሕመም?"

አሰብኩ። መጫን ብቻ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ መጮሄ አሳፈረኝ።

"የሕመሙ ነርቭ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይያዛል። የመነካቱ ወፍራም ነው፣ አንዳንዴ ይተርፋል" አለች፣ እጇ ሥራውን ሳያቆም። መግሉ ሲወጣ እያየሁ አላመመኝም። ያቺ ጥያቄ የማታባራ ልጅ አሁን መልሱ እጇ ላይ ነበር፤ ኮራሁባት።

ሱቄ ስገባ ግን ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ጣቴን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ባደርገው የሌላ ሰው ጣት መሰለኝ። እንደሞተ ቢቀርስ? ሥራ ትቼ ፋሻውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ከቀትር በኋላ ጠቅ አደረገኝ፣ ቀጥሎም ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ስልኬን አነሳሁ።

"ገዲሴ! አመመኝ! አልሐምዱሊላህ፣ አመመኝ!"

"እንኳን ደስ አለዎት! በሮቹ ተከፈቱ። በሉ የሰጠሁዎትን ክኒን ይዋጡ።"

ቁስሉ ከዳነ በኋላ አንድ ነጋዴ "ንጹህ ጥጥ ነው" ብሎ ነጭ ጨርቅ አመጣልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ በዚያ ጣት ዳሰስኩት። ፖሊስተር ገብቶበታል። መለስኩለትና ሌላ አስመጣሁ፤ ለገዲሴ አዲስ ጋዋን ልሰፋ ነበር።