«ለስላሳ» የተባለው ቢራ

ታናሹ ልጄ ቢራ ጠማቂ ነው። ሰፈሩ «ምንምን» ይለዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ አፉ የገባውን ሁሉ «ይሄ ምን ምን ይላል?» እያለ ስለሚጠይቅ የወጣለት ስም ነው። አንድ ቀን የልብስ ሳሙና ቀምሶ «እማ፣ ሎሚ ሎሚ ይላል» ብሎኛል።

መጀመሪያ ዳቦ ቤት ሠራ። ከዚያ ትልቅ ቢራ ፋብሪካ ገብቶ ታንከር ሲያጥብ ኖረ። በኋላ ከሰፈራችን መኪና እጥበት ጀርባ ያለችውን ጋራዥ ተከራይቶ የራሱን መጥመቅ ጀመረ። ብቅሉን ራሱ ይቆላል፤ የቀለጠ ስኳር እስኪመስል ድረስ ከምጣዱ ዓይኑን አይነቅልም። ወደ ቤት ሲመጣ ሸሚዙ የዳቦ ቤት በር ይመስል ሽታው ቀድሞት ይገባል።

እኔ ቤት ግን አንድም ጠርሙስ ይዞ መጥቶ አያውቅም። ታላቅ ወንድሙ፣ ሹፌሩ፣ መጠጥ የተወ ሰው ነው። በመጠጥ የተነሣ ሥራውን ተነጥቆ፣ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት ገብታ፣ ያየነውን አይተናል። አሁን መሪውም ሚስቱም ተመልሰውለታል። በቤታችን ስለ ቢራ አይነሣም።

በቅርቡ ታናሹ አዲስ ቢራ ወጣለት። ጋራዡ ድረስ ሄጄ ቀመስኩለት።

«እማ፣ ምን ምን አለሽ?»

«መጀመሪያ የዳቦ ጠርዝ። ቀጥሎ የተቃጠለ ስኳር። ወደ ኋላ ትንሽ ማር ማር ይላል፤ ግን ማር ነኝ ብሎ አይጮህም።»

«መራራነቱስ?»

«አለ። እንደ ጨዋ እንግዳ በር ላይ ቆሟል።»

ሳቀና ራሱ ተጎነጨ። ዓይኑን ጨፍኖ ጉሮሮውን ዳበሰ። «ሲወርድ ደግሞ ለስላሳ ነው። ለስላሳ!» አለ። ቃሉን እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ አገላበጠው።

ያንኑ ቃል ጠርሙሱ ላይ አስጻፈው፦ «ለስላሳ የብቅል መጠጥ»። በኋላ እንደነገረኝ፣ ወረቀቱን የሚያትምለት ጓደኛው «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ያየ ሰው ለልጁ ይገዛዋል እኮ» ብሎት ነበር። እሱ ግን «ቢራ የሚለው ቃል ሻካራ ነው። ቀምሶ ይለየዋል» ብሎ አፉን አስዘጋው። አልኮል እንዳለበት የተጻፈው ከጀርባ ነው፤ እሱም የጉንዳን እግር በመሰለ ፊደል።

እሁድ ምሳ ቤቴ ተሰበሰብን። የሹፌሩ ሚስት ጥግ ካለው ሱቅ መጠጥ ገዝታ መጣች። ከለስላሳዎቹ ጎን ተደርድሮ ያገኘችውን ነው ያመጣችው። እኔ ጓዳ ሳህን ሳጥብ ለባሏ ቀዳችለት። ስመለስ ልጄ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ እያለ ይጠጣል። ምሳ ላይ ወሬው የማያልቀው ልጅ ዝም ብሏል። ደክሞት ነው አልኩ፤ ጠርሙሱን ልብ አላልኩትም።

ጠማቂው ዳቦ ታቅፎ ሲገባ ምራቴ ለትንሿ ልጇ ልትቀዳ ጠርሙሱን አዘንብላ ነበር።

«እንዳትሰጫት!»

ዳቦው ከእጁ ወደቀ። ልጅቷ ደንግጣ ቀሚሴ ውስጥ ተሸጎጠች።

«ምነው፣ ምን ሆንክ? ለስላሳ አይደል እንዴ? ይኸው ተጽፎበታል!» አለች ምራቴ።

«ቢራ ነው። የኔ ቢራ ነው።»

ሁላችንም ሳንነጋገር ወደ ሹፌሩ ብርጭቆ ዞርን። ግማሽ ደርሷል። ምራቴ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች።

«ጋሼ፣ ሳታውቅ ነው የጠጣኸው» አለ ጠማቂው እየተንተባተበ። «ሳያውቁ የጠጡት አይቆጠርም።»

ሹፌሩ ቀና አላለም። «ከመጀመሪያው ጉንጭ አውቄዋለሁ።»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ለስላሳ ነው ከተባለ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ዝም አልኩ። ልጆቼ ፊት ነው የምጠጣው፣ ያውም እናቴ ቤት።» ጠረጴዛውን በጣቱ ሲፍቅ ቆየ። «ደግሞ ጥሩ አድርገህ ነው የሠራኸው። ዳቦ ዳቦ ይላል። እጅህ ይባረክ ልልህ ነበር።»

ጠማቂው ከዚህ ወንድሙ «እጅህ ይባረክ» መስማት ምን ያህል ይመኝ እንደነበር እኔ እናቱ አውቃለሁ። አሁን ሲሰማው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የወደቀውን ዳቦ የሚያነሣ መስሎ ጎንበስ አለና እዚያው ቀረ።

ብርጭቆውን ላነሣ እጄን ስዘረጋ ሹፌሩ «ተዪው እማ፣ እኔው ልውሰደው» አለ። ወስዶ ማጠቢያው ላይ ደፋው። ጠማቂው ተነሥቶ የቀሩትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ ደፋቸው። ባዶዎቹን ሲይዝ ወረቀቱን በጥፍሩ ይፍቀዋል።

«አታሚው ነግሮኝ ነበር» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ቃሉ ጣመኝ፣ ጋሼ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ቃሉ ጣመኝ።»

«አንተ ቃሉ ጣመህ፣ እኔ ቢራው ጣመኝ። ታዲያ ማናችን ማናችንን እንቆጣ?» አለ ሹፌሩ። ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። «ስማ። የተኛው አመል ተነሥቶብኛል። ዛሬ ብቻዬን መሆን አልችልም። ሚስቴንም ማየት አፍሬያለሁ። አንተ ና፤ እስክተኛ ድረስ ከጎኔ እንዳትለይ።»

ጋራዡ ውስጥ ዛሬ ካልደረሰለት የሚበላሽ ጥንስስ እንዳለው አውቃለሁ። ግን ኮቱን አንሥቶ ተከተለው።

ከመስኮቱ ሆኜ አየኋቸው። ጠማቂው አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ይሄዳል። ቢራው የተገዛበት ሱቅ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ፈጠን ብሎ በሱቁ በኩል ዞረና በወንድሙና በበሩ መካከል ገባ።