በእንግሊዝኛ ያለቀሰችው አጣቢ

ዶክተሩ «የድምፅ አልባዎች ድምፅ» ነበር። እኛ አላልነውም፤ ያሉት የባሕር ማዶ መጽሔቶች ናቸው፤ እሱም ቆርጦ ቢሮው በር ላይ ለጠፈው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምረው በቅኝ ተገዝተው ነፃ የወጡ ሕዝቦች በእንግሊዝኛ የጻፉትን ልብ ወለድ ነው። ራሱም ይጽፋል፦ የገዢዎቹን ግፍ፣ በገዢዎቹ ቋንቋ፣ ለገዢዎቹ ልጆች። ግፍ የተዋለበት ሕዝብ መጽሐፉን የሚያገኘው ስኳር ሲጠቀለልበት ብቻ ነው።

ለእሱ ያለው ዝና ይበቃዋል፤ የምጽፈው ስለ ታይፒስቷ ነው።

ታይፒስቷ በወረቀት ቁም ሳጥኑና በማይዘጋው መስኮት መካከል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። የጣቶቿ ጫፍ በካርቦን ጠቁሯል። እንግሊዝኛ የገባት በጆሮዋ ሳይሆን በጣቷ ነው። በመላው አገር ማንም የሌለው አንድ ችሎታም ነበራት፦ የዶክተሩን የእጅ ጽሑፍ ታነባለች። እሱ ራሱ ሳምንት ካለፈው አያነበውም።

እናቷ በወጣትነታቸው፣ አገራችን በቅኝ በተያዘችበት ዘመን፣ የገዢዎቹ መኮንኖች ልብስ አጣቢ ነበሩ። አንድ መኮንን የአንዲት ጓደኛቸውን እጅ በካውያ ተኮሰ። በማግስቱ ታላቅ ወታደራዊ ሰልፍ ነበር፤ አርባ አጣቢዎች የመኮንኖቹን ነጭ ልብስ በሙሉ እርጥቡን መለሱ። ሐሳቡን ያመጡት እናትየዋ ናቸው። ሰልፉ ቀረ፤ እሳቸው ሁለት ዓመት ታሰሩ።

ዶክተሩ ይህን ከታይፒስቷ ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። ስድስት ቀን ሙሉ፣ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው እየሄደ፣ «እማማ፣ ከዚያስ? እማማ፣ ከዚያስ?» እያለ ጻፈ።

«ስምዎ የመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ፣ ከሁሉ በላይ ይሰፍራል» አላቸው።

«ከሁሉ በላዩ ይቅርብኝ ልጄ፤ ብቻ ይስፈር። ሲያስሩኝ መዝገባቸው ላይ ‹አጣቢ ቁጥር አሥራ አንድ› ብለው ነው የጻፉኝ። ስሜ ተጽፎ ሳላይ አልሙት።»

ታይፒስቷ መተየብ ጀመረች። ምዕራፍ ሦስት ላይ አጣቢዋ ወንዝ ዳር ታለቅሳለች። አምስት ላይም ታለቅሳለች። ሰባት ላይ ዝናብ አለ፤ አብራው ታለቅሳለች።

«ዶክተር፣ እናቴ መቼ ነው ያለቀሰችው?»

«ምሳሌያዊ ለቅሶ ነው።»

ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ልብሱን እርጥቡን የመመለሱን ሐሳብ የሚያመጣው ከባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ ቀጭን ወጣት ሆኖ ተገኘ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«የፈጠራ ሰው ነው።»

«መነጽሩስ የእርስዎ አይደል?»

ዶክተሩ ሳል ያዘው። እሷም ቻለችው፤ የምትጠብቀው የምስጋናውን ገጽ ነበር። ገጹ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ምዕራፎች ጋር መጣ። ገንዘብ የሰጠው ድርጅት ተመስግኗል። ሁለት የፈረንጅ ፕሮፌሰሮች ተመስግነዋል። ሚስቱ ስለ ትዕግሥቷ፣ ክረምቱን ያረፈበት ቤት ስለ መስኮቱ ተመስግነዋል። መስኮት!

«እናቴስ?»

«አየሽ እህቴ» አለ ዶክተሩ፣ የክፍል ውስጥ ድምፁን አውጥቶ፣ «በስም ከጠራናቸው አንዲት ሴት ብቻ ይሆናሉ። ስም ከሌላቸው ግን የተገፋች ሴት ሁሉ ናቸው። ድምፃቸው ዝምታቸው ነው።»

ተራ ሌባ ሰርቆ ይሮጣል። ቲዎሪ ያለው ሌባ ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳሃል።

ታይፒስቷ ያልተተየቡትን ሦስት ምዕራፎች ደርድራ፣ በሲባጎ አስራ፣ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገችለት።

«አልተይብም።»

«በአሥር ቀን ውስጥ ካልተላከ እኮ አያትሙትም!»

«ይላኩታ! ጽሕፈቱ የእርስዎ አይደል?»

ወደ ሌሎች ታይፒስቶች ሮጠ። አንዷ «ዶሮ ጭራበት ነው?» ብላ መለሰች። ሌላዋ «ዶክተር፣ ይሄን ለፋርማሲ ይውሰዱት» አለችው። ራሱ መነጽሩን ወልውሎ ተቀመጠ፤ ከየመስመሩ ሁለት ቃል አወጣ። የድምፅ አልባዎች ድምፅ የራሱን ጽሑፍ የሚያነብለት አጣ።

በስምንተኛው ቀን ወደ አሮጊቷ ቤት ሄደ። እሳቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው፤ ልጃቸው አጠገባቸው የደረቀ ልብስ ታጥፋለች።

«እማማ፣ እባክዎ፣ መጨረሻውን እንደገና ይንገሩኝ።»

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እርጥቡን መለስሽለት እንዴ?»

«እርጥቡን።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቁና ፊታቸው ተቋጠረ።

«እነግርሃለሁ። እሷም ትተይብልሃለች። መጀመሪያ ግን ስሜን ጻፍ፤ ከነአባቴ፣ ሰው በሚያነበው ጽሕፈት።»

ዶክተሩ እፎይ ብሎ ወረቀት ዘረጋ። ይቺ ምን አላት! የብዕሩን ጫፍ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ፤ እዚያው ቀረ። ስድስት ቀን ሙሉ «እማማ» ሲል የዋለ ሰው አንድም ቀን ማን ልበል ብሎ አልጠየቀም። ወደ ታይፒስቷ አየ። ታይፒስቷ የሸሚዙን እጅጌ ታጥፋለች። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ መስፋት ጀመረ።

«ጻፍ እንጂ!» አሉ አሮጊቷ።

ትዝ ያለው ቁጥሩ ብቻ ነበር፤ አሥራ አንድ።