በሰባት ሰዓት የተበተነው ችሎት

ካቦ ነበርኩ፤ ያለ ጥፋቴ ጠራጊ አደረጉኝ።

ይህን ያስነሳብኝ ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅቡቲ፣ ወደ ባልባላ ሰፈር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ያገኘሁት ሽበታም ሰውዬ ነው። አተኩሮ አየኝና፣ «አንተ ያ መጋዘን ጠራጊው ሐበሻ አይደለህም?» አለኝ። ለዓመታት ካቦ ነበርኩ፤ የጠረግኩት ሁለት ወር ብቻ ነው። ሰው ግን የሚያስታውስልህ የወደቅክበትን ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ወደቡ አጠገብ አርሂባ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከሦስት የድሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተካፍለን እንኖራለን። የወደቡ መጋዘን ውስጥ ሃያ ጫኝ አዛለሁ። ማንበብ አልችልም፤ ጆንያ በመደርደር ግን የሚያህለኝ አልነበረም። ሥራ የምንጀምረው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ በስድስት ሰዓት መኪናው ሞልቶ ሸራው ይታሰራል። ምክንያቱም ጅቡቲ ውስጥ ሰባት ሰዓት ሲሆን ጫት ከኢትዮጵያ ይገባል። የጫት መኪኖቹ ጡሩምባ ሲሰማ ከተማው ሁሉ እጁ ላይ ያለውን ይጥላል።

አዲስ ዳይሬክተር ከፈረንሳይ መጣ። ካምሲን የሚሉት ነፋስ ፊት በሚለበልብበት ወር፣ «ከእንግዲህ ሥራ በሁለት ሰዓት ይጀመራል፣ በዘጠኝ ሰዓት ያልቃል» አለ።

«ሙሴ፣ በሰባት ሰዓት አንድ ሰው አታገኝም» አልኩት፤ ፈረንሳዩን ሁሉ «ሙሴ» ነው የምንለው። ሳቀብኝ።

በሰባት ሰዓት ጡሩምባው ተነፋ። ሃያው ጫኝ የስኳሩን ጆንያ ግማሹን ብቻ ጭኖ ሄደ። በማግስቱ፣ «ሠራተኛ መያዝ አልቻልክም» ተብዬ መጥረጊያ ተሰጠኝ። ካቦነቱን አብሮን ለሚሠራው ለሮብሌ ሰጡት፤ ከሁላችን ፈረንሳይኛ ማንበብ የሚችል እሱ ብቻ ነበር። ይኸው ሮብሌ እኮ ከእኔ ጋር ከአንድ ወረቀት ላይ የየመኖችን ጥብስ ዓሳ በትኩስ ዳቦ ሲበላ የኖረ ሰው ነው!

«ዋርያ፣ አንተ፣ ጥጉ ጋ አቧራ ቀርቷል!» ይለኛል ጫኞቹ ፊት።

«ትልቁ አቧራ አንተ ነህ፤ ቆይ፣ እደርስብሃለሁ» እለዋለሁ።

ድርጅቱን ከሰስኩ። ችሎቱ ቀን ሙሉ የሚያንቋርር ማራገቢያ ያለው ክፍል ነው። ዳይሬክተሩ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ጥፋቱ የሰዓቱ ሳይሆን የካቦው ነው፣ አዲሱ ካቦ ከተሾመ ወዲህ ሰባት ሰዓት ላይ ሥራው እንደ ውኃ ይፈሳል፣ አለ። ሮብሌን ምስክር ጠራ።

«በሰባት ሰዓት ሠራተኛው ከሥራው አይነሳም?» አለ ዳኛው።

«ንቅንቅ አይልም፣ ክቡር ዳኛ።»

«ጫቱስ?»

«እሱማ ከሥራ በኋላ ነው። ሥርዓት አለን።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ጡሩምባው ተሰማ። የሮብሌ ዓይን ወደ በሩ ሄደ። «ክቡር ዳኛ፣ ለአንድ ደቂቃ... ሆዴን...» አለና ወጣ። በመስኮቱ ጫማውን በእጁ ይዞ ወደ ጫት ተራ ሲሮጥ ሁላችንም አየነው። ዳኛውም ሰዓቱን አየና መዝገቡን በክብር ዘጋ። «ቀሪው ለሰኞ» ብሎ ተነሳ።

እኔ ያልተማርኩት ብድግ አልኩ። ጸሐፊዋን፣ «እህቴ፣ ይጻፍልኝ» አልኳት።

«ምኑ?»

«ያየሽው። ምስክሩ በስንት ሰዓት፣ ወዴት እንደሮጠ።»

«ይህማ አይጻፍም!» አለ ዳይሬክተሩ ቲማቲም መስሎ።

ዳኛው አንድ እግሩን ከበሩ ውጭ አድርጎ፣ «ጻፊው፤ ግን ቶሎ በይ» አላት።

ሰኞ ዕለት ተፈረደልኝ። በፈረንሳይኛ የተጻፈውን ውሳኔ የሚያነብልኝ ሌላ ሰው ስላልነበረ ሮብሌ ራሱ ሃያው ጫኝ ፊት ቆሞ አነበበው። «ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለስ» ሲል ምራቁን ሁለቴ ዋጠ። ጫኞቹ አጨበጨቡ። ረካሁ።

በአርባ ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ፤ መጀመሪያ አማርኛውን፣ ቀጥሎ ፈረንሳይኛውን። ማንበብ እንደቻልኩ ያንን ውሳኔ ከሳጥኔ አወጣሁት። መሐል ላይ አንድ መስመር አለ፦ የምስክሩ ቃል እምነት የማይጣልበት ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ሮብሌ ያኔ ሲያነብልኝ ዘሎታል! ወረቀቱን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱና ልጆቹ ፊት ጣቴን እያስኬድኩ ቃል በቃል አነበብኩለት።

«አልዋሸሁህም፤ ዘለልኩት እንጂ» አለ።

አሁን ሁለታችንም ጡረተኞች ነን፤ እስካሁን አብረን እንበላለን፣ እስካሁንም ይቅርታ አልጠየቀኝም። ሰው፣ «ጉዳይህ መቼ አለቀ?» ሲለኝ ዳኛው ማኅተም ያደረገበትን ቀን አልነግረውም። ማኅተም ለመዝገብ ቤት ነው። የእኔ ጉዳይ ያለቀው ያችን መስመር ሮብሌ ቤት ያነበብኩ ዕለት፣ ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ቀን ነው።