ኩራዝ የበላችው ንግሥቲ

ንግሥቲን ወረታ ሁሉ ያውቃታል። ወጡን የሚሠራው እሷ በጠፈጠፈችው ድስት፣ መሬቱን የሚያርሰው ባሏ ካሴ በቀጠቀጠው ማረሻ ነው። ልጁን ሆዱን በቆረጠው ቁጥር ግን «ዛሬ በየት አለፈ? ማን አየው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም ብዙ ሳይፈለግ ይገኛል። ባለ እጅ ናቸውና ቡዳ ናቸው። ጭቃን ድስት፣ ብረትን ማረሻ የሚያደርግ ሰው ዓይኑ ሰው ይበላል ተብሎ በየትኛው ችሎት እንደተፈረደበት የሚያውቅ የለም፤ ይግባኝ የሚባልበትም ቦታ የለም።

የሌሎች ባለ እጆች ሚስቶች መንገድ ላይ ሰው ሲገጥማቸው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ያልፋሉ። ንግሥቲ ይህን እናቷ ብታስተምራትም አልተማረችም፤ ቀጥ ብላ እያየች ነው የምትሄደው። አንድ ጊዜ ይፋግ ገበያ ሸክላዋን ዘርግታ ሳለ፣ አንዲት ጋን ገዥ እሷን ስታይ ጊዜ ያዘለችውን ሕፃን በነጠላዋ ድፍን አደረገችው። ንግሥቲ የጋኑን ዋጋ ከነገረቻት በኋላ፣ «ደግ አደረግሽ፤ ፀሐዩ ለሕፃን አይሆንም» አለቻት። ሴትዮዋ ይህች ምን ማለቷ ነው ስትል ቤቷ ደረሰች ይባላል።

ካሴ ዝምተኛ ሰው ነው። የሰው ነገር ሲያስመርራት «ተይው፣ እንጀራቸው ያለው እኛ እጅ ነው» ይላታል። መተው ግን ለእሷ አይሆንላትም። ወናፉ ፊት ስትቀመጥ ንዴቷ ሁሉ ወደ እጇ ይወርዳል። ሁለቱን የቆዳ ወናፎች እያፈራረቀች ስትነፋ ከሰሉ ይቀላል፤ ትንሽ አረፍ ስትል ይጠቁራል። ከልጅነቷ ጀምራ ያየችው ይኸንኑ ነው። እሳት እንደ ሰው ነው፣ ትንፋሽ ከሰጡት ይኖራል፣ ከነሱት ይሞታል።

በአምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ባሕር አደረገው፤ የጎንደርንም መንገድ ቆራርጦ ጣለው። ውኃው ሲጎድል የመንገድ ሠራተኞች መጥተው ከወረታ ወጣ ብሎ ካለች ጉብታ ላይ ካምፕ መሠረቱ። የደነዘ ዶማና መሮ የሚስልላቸው ሰው ስለፈለጉ ካሴን ቀጠሩት፤ ንግሥቲም ወናፏን ተሸክማ ተከተለች። ከሚሠሩበት ዳስ ፊት ለፊት የካምፑ ጋራዥ ነበር። ጣራው ቆርቆሮ፣ ፊቱ ክፍት ሲሆን፣ መካከሉ ላይ መካኒኩ መኪና ሥር ገብቶ የሚሠራበት፣ ሰው ከነቁመቱ የሚውጥ ጉድጓድ ተቆፍሯል።

መካኒኩ በላቸው ይባላል። ሙያውን አስመራ የተማረ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። አንድ ጧት ሠራተኛውን ሰብስቦ ቦምቦላ የሚሉትን ወፍራም የብረት ጠርሙስ አሳያቸው። ውስጡ ምን አለ ቢሉት፣ ጋዝ ነው፣ እሳት ያጠፋል አላቸው። ካምፑ በሳቅ ፈረሰ። እነሱ የሚያውቁት ጋዝ ኩራዝ ውስጥ የሚጨመረው ነዋ! እሳትን በጋዝ የሚያጠፋ ሰው ነገ ደግሞ ርብን ውኃ ጨምሮ ያደርቅልናል ተባለ። በላቸው አብሯቸው ስቆ ሲያበቃ አስረዳቸው። ይኸኛው ሌላ ነው፤ ከአየር ስለሚከብድ እንደ ውኃ ጎድጓዳ ይፈልጋል፣ እዚያ ሲተኛም አይታይም። እሳቱን የሚገድለው ትንፋሹን ነጥቆ ነው፤ ሰውም ከገባበት ትንፋሹን ይነጥቀዋል። ስለዚህ በጉድጓድ ወይም በተዘጋ ቤት ከተረጨ፣ ነፋስ ገብቶ እስኪጠርገው ድረስ ማንም ተከትሎ አይግባ። ሲረጩም የእንጨት እጀታውን እንጂ የሚተፋበትን አፉን መጨበጥ አይገባም፤ ብርዱ እንደ እሳት ይልጣል።

ሰዉ ገና በጋዙ እየሳቀ ስለነበር ይህን በቅጡ የሰማው የለም። የካምፑ ዘበኛ ደጉ አከፋፈቱን ተማረና የቀረውን ተወው። ጆሮ የሰጠችው ንግሥቲ ነበረች። ከወናፏ ማዶ ሆና፣ ድፍድፍ ያለበት ጋን ውስጥ አንገት ሲያስገቡ አፍንጫ የሚወጋው ዓይነት ነው ወይ ስትል ጠየቀች። በላቸው ቀና ብሎ አያትና እሱ ራሱ ነው አላት።

ደጉ የእሜቴ ታይቱ ልጅ ነው። ታይቱ ባለ ርስት፣ ከብቷ ሜዳውን የሚያለብስ ባልቴት ናት፤ ቤቷም ከካምፑ ብዙ አይርቅም። ደጉ በካሴ ዳስ በኩል ሲያልፍ ፊቱን አዙሮ ያማትባል፤ ቢጠማው እንኳ ከንግሥቲ እጅ ውኃ አይቀበልም። የሚመካበት አንድ ነገር ቢኖር መንግሥት የሰጠው ካፖርት ነው። በሐሩሩም አያወልቀውም።

ኅዳር ላይ በላቸው ዕቃ ሊያመጣ ጎንደር በሄደበት ቀን፣ ጉድጓዱ ውስጥ የተጣለ ዘይት የጠጣ ጨርቅ እሳት ያዘ። ደጉ እሳት እንዳይነካበት ካፖርቱን አውልቆ ጉድጓዱ ዳር ጣል አደረገና ቦምቦላውን ጎትቶ ከፈተው። በጥድፊያው የጨበጠው ግን እጀታውን ሳይሆን አፉን ነበር። ነጭ ጉም እየፏጨ ወረደ፤ እሳቱም ጭጭ አለ። ሠራተኛው አጨበጨበ። ደጉ ቦምቦላውን አስቀምጦ ዞር ሲል ካፖርቱ የለም፤ ተንሸራቶ ጉድጓዱ ገብቷል። ሳያመነታ ዘሎ ወረደ። ጎንበስ አለ፣ እንደሚሰግድ ሰው ተንበረከከ፣ ከዚያ አልተነሣም።

ጭስ የለም፣ ነበልባል የለም፣ የሚታይ ነገር የለም። እዚያው ካምፕ የሚሠራው ወንድሙ ስማቸው ሊዘል ሲል ንግሥቲ ከኋላ መጥታ መቀነቱን ይዛ ጣለችው። እሳቱን የገደለው ነገር እዚያው ተኝቷል፣ ብትገባ ሁለት ትሆናላችሁ አለችው። እሱ ሲታገላት ካሴ ሮጦ መጣ፤ በእጁም ከድልድይ ሥር ግንድ ለመጎተት የሠራው ረጅም ቆልማማ ብረት ነበር። ንግሥቲ ተቀበለችውና ጫፉን የደጉ ዝናር ውስጥ አስገብታ ሳበች። ወናፍ ያደነደነው ክንድ ለዚያን ቀን ኖሯል። ካሴ እሷን፣ ስማቸውም እንደ ምንም ብሎ ካሴን አግዞ ደጉን አወጡት። ከንፈሩ ጠቁሯል። ትንፋሹ አለ እንዳይባል የለም፣ የለም እንዳይባል አለ።

ንግሥቲ ነፋስ ወዳለበት ጎትታ አንገቱን ገለጠችለት። ሰዉ ግን ነገሩ አሁን ገባው። እሳት ሳይነካው የሞተ፣ መዳፉ በባዶ ሜዳ ውኃ የቋጠረ ሰው ቡዳ ነው እንጂ ሌላ ምን በላው! በላቸው የሚባል ሰው በካምፑ እያለ፣ በላችው የተባለችው ንግሥቲ ናት። ታይቱ ነጠላዋ እየተጎተተ ስትደርስ ደጉን በጋቢ ሸፍነው፣ በገል ፍም አምጥተው፣ ቀበርቾ ሊያጥኑት ነበር። ንግሥቲ ገሉን በእግሯ ብላ በተነችው፤ ጋቢውንም ገፈፈችው። ትንፋሽ ያጣን ሰው ጭስ ያጠጡታል ወይ አለች። ገሉ የራሷ ድስት ስባሪ ነበር።

«እንትፍ በይበት» አለች ታይቱ። «ልጄን ልቀቂልኝ።»

«ልቀቂው! ልቀቂው!» አለ የቆመው ሁሉ።

ቡዳ የያዘውን ሰው የሚለቀው በላዩ ሲተፋበት ነው ይባላል። ንግሥቲ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ብትተፋበትና ቢነሣ፣ ቡዳነቷን በአፏ አመነች ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እሷም ልጆቿም ወረታ ላይ ቀና ብለው አይሄዱም። ባትተፋበትና ቢሞት ደግሞ ስማቸው ዱላውን ጨብጦ ቆሟል። ካሴ ጆሮዋ ሥር መጥቶ፣ እባክሽ እንትፍ በይና ቤታችን እንሂድ ብሎ ለመናት። በሕይወቷ ባሏን የጠላችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ፈርታለች። አፏ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«የያዝሁት የለም» አለች። «የምለቀውም የለም።»

ስማቸው ዱላውን አነሣ። በዚህ መካከል ደጉ ሳለ። ደገመና ሳለ፣ ከዚያም የፎገራን ነፋስ ልክ እንደተጠማ በሬ ሳበው። ዓይኑን ገልጦ ካፖርቱን ጠየቀ።

ይኼኔ «ለቀቀችው!» ተባለ።

ንግሥቲ በዕድሜዋ ብዙ ስድብ ሰምታለች፤ እንደዚህች ቃል ያቃጠላት ግን የለም። ቢሞት በላችው፣ ቢድን ለቀቀችው። ጎትታ ያወጣችበት ብረት ገና እጇ ላይ ነው፣ እሱን ያየ የለም። አንድ ሽማግሌ ይባስ ብለው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ሳታይ በምን አወቀች፣ መቼም ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ሲሉ ተረቱባት። ሌላ ሴት ብትሆን ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ ትሮጥ ነበር። ንግሥቲ ብረቱን ጥላ ስማቸውን ጠራችው። ከዘበኛ ቤት ኩራዝ አምጣ፣ አንተው ለኩስ፣ አንተው በገመድ አውርድ፣ እኔ አልነካውም አለች። ደግሞም ዓይኗ ነው እንዳይሉ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ፣ ወደ ጣና ዞራ ቆመች።

ስማቸው ኩራዙን ለኮሰና አወረደ። ከጉድጓዱ አፍ ዝቅ እንዳለ ነበልባሉ አነሰ፣ አነሰና ድርግም አለ። ነፋስ አጠፋው እንዳይባል ጉድጓዱ ውስጥ ነፋስ የለም። አወጣው፣ ለኮሰው፣ አወረደው፤ አሁንም ጠፋ።

«ምን ሆነ?» አለች ሳትዞር። ስማቸው ኩራዙን ጎትቶ አወጣው።

ዞረችና ኩራዙን ከስማቸው እጅ ወሰደች። «ኩራዙንም በላሁት?» አለች። «በጀርባዬ?» ከዚያ ክሩ ላይ አስጠግታ ተፋችበት። «እንትፍ። ይኸው ለቀቅሁት። ይብራ እንግዲህ።»

ኩራዙ አልበራም። ዶማውን ተመርኩዞ የቆመ አንድ ሠራተኛ ሳቁ አመለጠው፤ ሌላውም አፉን በጋቢው ያዘ። ሽማግሌው በሬያቸውን ሊያስገቡ እንደሆነ ተናግረው ሄዱ። ሕዝቡ አንድ በአንድ ተበተነ፤ ይቅርታ ያላት ግን አልነበረም።

በላቸው ሲመለስ ሁሉን ሰማ። ማንንም ሳይወቅስ ጉድጓዱን በነፋስ አስጠርጎ፣ አፉ ላይ ገመድ ያለው ኩራዝ አንጠለጠለ፤ ቦምቦላው ከተከፈተ ኩራዝ ወርዶ በርቶ ሳይመለስ ሰው እንዳይወርድ ደነገገ፤ የካምፑም ሰው ኩራዙን «የንግሥቲ ኩራዝ» ይለው ጀመር። ወረታ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ «ለቀቀችው» የምትለዋን ቃል ይዞ ቀረ።

ለገና ሰሞን ታይቱ ቅቤ በቅል አስይዛ መጣች። ደጉም ካፖርቱን ለብሶ አብሯት ነበር፤ መዳፉ ገና አልሻረም። ታይቱ ደጅ ላይ ቆማ፣ ልጇን ስለለቀቀችላት ያመጣችው እንደሆነ ተናገረች።

ንግሥቲ ቅሉን ሳትነካ አየችው። «አልለቀቅሁትም፣ እሜቴ» አለች። «ጎትቼ ነው ያወጣሁት። ቅቤውን ይዘው ይሂዱ።»

ካሴ ለዚያ ቅቤ ሳምንት ሙሉ አዘነ። ደጉ ግን እናቱን ተከትሎ ሲሄድ እያወራ ነበር፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሲያጎነብስ አፍንጫውን እንደ ድፍድፍ ጋን የወጋው ነገር እንደነበር፣ ከዚያ በፊት ማንም እንዳላየው፣ ማንም እንዳልያዘው ይነግራታል። ታይቱ ወደ ካሴ ደጅ ዞር ብላ አየች።

ፋሲካ ሲቃረብ ንግሥቲ ይፋግ ገበያ እንደ ልማዷ ሸክላዋን ዘርግታ፣ እንደ ልማዷ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ታይቱ ድስት ልትገዛ መጥታ ከፊቷ ቆማ ስንጥቅ እንዳለው ለመለየት ድስቱን ታንኳኳለች። አንዲት ወጣት እናት ከጎን መጣች፤ ንግሥቲን ለየቻትና የታቀፈችውን ሕፃን ከነራሱ በነጠላ ጠቀለለችው። ሕፃኑ ውስጥ ሆኖ ያለቅስ ጀመር።

ንግሥቲ አፏን ከፈተች፣ የፀሐዩን ነገር ልትናገር። ታይቱ ቀደመቻት። ድስቱን አስቀምጣ፣ ገበያው እየሰማ፣ ነጠላውን በገዛ እጇ ከሕፃኑ ፊት ላይ ሳበችው።

«ግለጪው» አለች። «ልጅ ትንፋሽ ይፈልጋል። የኔን ልጅ ከጉድጓድ ያወጣችው ይህች ናት።»

ንግሥቲ ሕፃኑን አየችው፤ ሕፃኑም አያት። ታይቱ ዳግመኛ ስታመጣላት ቅቤውን የተቀበለችው በዚያ ሳምንት ነው።