ለስም የተተወ ቦታ

ክፍሉ መጋረጃ ነበረው። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። አገር ቤት የታሰርኩበት ክፍል መስኮትም አልነበረውም። ስቶክሆልም ዳር ያለው ፎርቫር፣ ከአገር እንዲወጡ የተወሰነባቸው ስደተኞች ተቆልፎባቸው የሚቆዩበት ቤት፣ አበባ ያለበት መጋረጃና ንጹሕ ፎጣ ነበረው። ጠባቂዎቹ አንኳኩተው ይገባሉ፣ ሲቆልፉብን ደህና እደሩ ይላሉ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ላይ እንዴት እንደሚቆጡ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ፊደል ሠሪ ነኝ። አገር ቤት የታሰርኩት ለሰልፍ የሚያዝ መፈክር አሳምሬ በመጻፌ ነው። መርማሪው «ይህን ያህል የተጨነቅህበት ብታምንበት ነው» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው።

በሌላኛው አልጋ ላይ አንድ መሪጌታ ነበሩ። በወጣትነታቸው ብራና ላይ ሲጽፉ የኖሩ፣ በኋላ ዓውደ ምሕረት ላይ በተናገሩት ነገር ሲፈለጉ የሸሹ ሰው ናቸው። ኖርስቦሪ በሚባል ሰፈር ሴት ልጃቸው ጋ ተጠግተው ነበር። ልጃቸው ከወለደች ገና ሦስት ወር አልሞላትም። የእሳቸው አውሮፕላን ሐሙስ ጠዋት ነበር።

ረቡዕ ዕለት ወረቀት ላይ ጎንበስ ብዬ አንድ ትልቅ «ወ» እሥል ነበር። ከቤቱ መደርደሪያ ላይ የጥንት የፈረንጅ የእጅ ጽሑፎችን ሥዕል የያዘ መጽሐፍ አግኝቻለሁ። የገጹ የመጀመሪያ ፊደል ገዝፎ፣ ወፍና አበባ ተጠምጥሞበት የገጹን እኩሌታ ይይዛል። በእኛ ፊደል ልሞክረው ብዬ ነው።

መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«ምን ነክቶት ነው እንዲህ ያበጠው?»

«የገጽ መክፈቻ ነው መሪጌታ። ፈረንጆቹ የመጀመሪያውን ፊደል እንዲህ ያስጌጡታል።»

«ሌሎቹ ምን አጠፉ?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«እኛ የጌጥ ሐረጉን ከጽሑፉ በላይ እንሥላለን እንጂ ፊደልን ከፊደል አናበላልጥም። ከፍ የሚል ቢኖር ስም ነው፤ ስም ቀይ ይለብሳል» አሉኝ።

ረቡዕ ስለነበር በምሳ ሰዓት ሥጋውን ትተው ድንችና ቀይ ሥር ብቻ ወሰዱ። የቀይ ሥሩን ጭማቂ በወረቀት ኩባያ ይዘው ተመለሱ። የቡና ማማሰያ እንጨት ጫፉን በጥርሳቸው አሾሉ። ከጠባቂው በፊርማ ጥቁር እስክርቢቶ ተዋሱና ለልጅ ልጃቸው አንድ ገጽ ጸሎት መጻፍ ጀመሩ። ጥቁሩን ጻፉ፣ የእግዚአብሔር ስም ያለበት ላይ ሲደርሱ እንጨቱን ኩባያው ውስጥ ነከሩ። ክፍሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ።

መጨረሻ ላይ «ዕቀባ ለአመትከ» ብለው፣ አገልጋይህን ጠብቃት ማለት ነው፣ አራት ጣት ያህል ቦታ ዘለሉ።

«ይህ ክርስትና ስሟ የሚገባበት ነው» አሉ። «ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው የምትነሳ። አሥራ አንድ ቀን ይቀራታል።»

«ወለተ የሚለውን እንኳ አሁን ይጻፉት። እሱ መቼም አይቀርም።»

«ያልተሰጠ ስም አይጻፍም። አንተ ትሞላዋለህ። ከለቀቁህ በሰማንያኛው ቀን ሂድ፣ ስሟን ጠይቅ፣ በቀይ ጻፍ። እንዳታሳብጠው ደግሞ።»

«ባይለቁኝስ?»

«ባዶውን ይቀራላ።»

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ጠባቂዎች አንኳኩተው ገቡ። መሪጌታ የመጨረሻውን አራት ነጥብ እያስገቡ ነበር። አንድ ጣታቸውን አነሡ፤ ሰዎቹ ቆሙ። ነጥቡን ጨርሰው እፍ አሉበትና ወረቀቱን ሰጡኝ። እስክርቢቶውን ከድነው ለወጣቱ ጠባቂ በሁለት እጃቸው መለሱለት፤ ፊርማቸውን እንዲሰርዝም በጣታቸው አሳዩት። በስዊድንኛ «ታክ» ብለው አመሰገኑ። አንዱ ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል ቀስ ብለው ሳቡት፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀድመውት ወጡ።

ከበሩ ላይ ዞር ብለው «ቀኑን እንዳትረሳ» አሉኝ።

በሳምንቱ ጉዳዬ እንደገና ይታይ ተብሎ ተለቀቅኩ። ሰማንያኛው ቀን ሦስት ቀን ይቀረው ነበር። በማግስቱ በደብራቸው ሰዎች በኩል ወሬው ደረሰኝ፤ መሪጌታ ከአውሮፕላን እንደወረዱ ተወስደዋል፣ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም።

በሰማንያኛው ቀን አንድ ጠርሙስ ቀይ ቀለም ገዝቼ፣ ወረቀቱን በካርቶን አቅፌ ምድር ባቡር ተሳፈርኩ። ለልጃቸው ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ነበር። ኖርስቦሪ ለመድረስ ሁለት ፌርማታ ሲቀረኝ ወርጄ ተመለስኩ። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የሄድኩት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ልጃቸው የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ከፈተችልኝ።

«ከሄምሸንስት መግባቴ ነው፤ ቤቱን እንዳያዩብኝ» አለች። አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞረች የምታግዝበት ሥራ ነው።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። የቀይ ሥር ቀለም እንደማይቆይ ማወቅ ነበረብኝ። ጥቁሩ ጽሑፍ እንዳለ ነው፣ ቀዩ ግን ጠፍቷል። የእግዚአብሔር ስም የነበረበትና የልጅቷ ስም የሚገባበት ቦታ እኩል ባዶ ነበሩ።

ትንሿ ልጅ መጥታ ጣቷን ከ«ለአመትከ» ቀጥሎ ባለው ባዶ ላይ አደረገች። «ቫድ ስቶር ዴት?» አለች፤ ምን ይላል ማለቷ ነው። መሪጌታ ያዘዙኝን ለእናቷ ነግሬ፣ የልጅቷ ክርስትና ስም ማን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አልተነሳችም» አለች። «አባዬ ይመለሳል ብዬ ቆየሁ። ወሬው ሲጠፋ ደግሞ እግሬ እምቢ አለኝ። እንዲህ ብሎ እንዳዘዘ ያኔ ባውቅ ኖሮ በቀኗ አስነሳት ነበር።»

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሁንም ይቻላል» አልኳት።

«ማን ደስ እንዲለው?»

የጠፉትን ስሞች በደንበኛ ቀለም ልሙላቸው ብዬ ጠርሙሱን አወጣሁ። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ይተዉት። የእርስዎ እጅ የአባዬ እጅ አይደለም።»

ከልጅቷ አልጋ በላይ፣ ባዶውን እንደያዘ ለጠፈችው።

ዛሬ ስፖንጋ በተከራየሁት ክፍል ለመጻሕፍት የመክፈቻ ፊደል እሠራለሁ፤ ወፍና ሐረግ የተጠመጠመባቸው ያበጡ ፊደሎች። ሰው ይወድልኛል። ቀይ ሲጠይቁኝ ሰማያዊ አቀርባለሁ። ጠርሙሱ እንደታሸገ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ሁለት ፌርማታ ብቻ ነበር የቀረኝ።